ዱላችንን ላነደዱት ሹም

ይህን ብዕር የያዘው የደብራችን መሪጌታ ወልደኢየሱስ ነው፤ ቃሉ ግን የእኔ የባዬ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ስለዚህ ያማረው የእርሱ፣ የመረረው ሁሉ የእኔ መሆኑ ይታወቅ። መሪጌታም በትክል ድንጋይ ገበያ ቆሞ ለሰው ሁሉ እንዲያነበው አዝዣለሁ።

ለክቡር ግራዝማች አላምረው፤ ከጣሊያን ጌቶችዎ ጋር፣ በጎንደር ምሽግ ውስጥ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ ሸጋ ነው? ከተማው ተከቦ እህል እንደማይገባ ሰምተን እጅግ ተጨንቀናል። እግዜር ዕድሜ ይስጥዎ፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድመኝ ጧት ማታ የምጸልየው ስለ እርስዎ ዕድሜ ነው።

ክቡርነትዎ ከአይከል ገበያ የበቅሎ ደላላነት በአንድ ጊዜ ለሹመት ስለበቁ፣ የአገራችንን አመራረጥ ላያውቁት ይችላሉና ላስታውስዎ። ጭቃ ሹምነት አገሩን ባቀኑት በአምስቱ ቤቶች በየዓመቱ ይዞራል። ተራው የደረሰው ቤት ሰዎቹን ያቀርባል፤ በመስቀል ማግስት አባወራው ሁሉ ከዋርካው ሥር ወጥቶ ዱላውን በወደደው ሰው እግር ሥር ያኖራል፤ ቄሱ ሲመርቁ ሁሉም ዱላውን አንስቶ ወደ ቤቱ ይገባል። አባቶቻችን እንዲህ ሲሿሿሙ ኖሩ። ከእርስዎ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ፤ ለዚህም ውለታዎ ምስጋናችን ይኸው።

አንደኛ፤ ጣሊያን በገባ በመጀመሪያው መስቀል ተራው የቤታችን ነበርና ሰው ዱላውን በልጄ በሰጠኝ እግር ሥር ከመረው። እርስዎ ያን ጊዜ ከደላላነቱ ወጥተው የጣሊያኖች አስተርጓሚ ነበሩ። ባዕዱ መኮንን ይህ ምንድን ነው ቢልዎ፣ ሕዝቡ ይህን ሰው ለሽፍትነት እያስታጠቀው ነው ብለው ተረጎሙለት፤ አብሯችሁ የነበረ ባንዳ ከድቶ ወደ እኛ ሲገባ ነገረን። ልጄን በማኪና ጭናችሁ ጎንደር ላይ ሰቀላችሁት፤ ሹመቱም ለእርስዎ ሆነ። አንዲት ቃል ገመድ እንደምትሆን እኛ መሃይሞች አናውቅም ነበር፤ ስላስተማሩን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ በዓመቱ በወታደር አስከብበው ዱላውን ሁሉ ከእግርዎ ሥር አስጣሉ። ሰው ምርቃቱን ሰምቶ የራሱን ሊያነሳ ቢያጎነብስ፣ ተዉት ብለው ለወታደሮችዎ ወጥ መሥሪያ አነደዱት። ከዚያ ውስጥ ከአባቴ የወረስሁት ወይራ ነበረበት። ምነው ግራዝማች፣ አገሩ ማገዶ አጥቶ ነው? እኔ ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን የምስመው የልጄን ሚስት የአስናቀችን ትከሻ ይዤ ነው።

ሦስተኛ፤ በተከታዩ መስቀል ሰው ባዶ እጁን ቢመጣ፣ ሣር ነጭታችሁ አኑሩ አሉን፤ ሣር አኖርን። ከዚያ በኋላማ ጎበዛዝቱ ጫካ ገብተው፣ ከዋርካው ሥር የተገኘነው ሽማግሌና አንካሳ ብቻ ስንሆን፣ አገሩ በሙሉ መረጠኝ ብለው ለጌቶችዎ ላኩ። እውነትዎን ነው፤ ዋርካው ላይ የነበሩት ጦጣዎች ሳይቀሩ መርጠውዎታል።

ዘንድሮ ተራው ዞሮ ወደ ቤታችን ተመልሷል። ጎበዛዝቱም ለመስቀል ከጫካ ይወርዳሉ። ዱላቸውን ስላነደዱባቸው በእጃቸው የያዙት ሌላ ነው፤ ከወታደሮችዎ የማረኩት ስለሆነ ሲያዩት ያውቁታል።

መሪጌታ እዚህ ላይ ብዕሩን አቁሞ፣ አያ ባዬ፣ ትንሽ እናለስልሰው፣ ምናልባት ሰውዬው ንስሐ ቢገባስ ይለኛል። ይግባ። የነፍሱን ነገር ለካህን፣ ደሙን ለእኔ ተውልኝ ብዬዋለሁ። ይህንንም ጻፈው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ልጄን ከገመዱ አውርዳችሁ የት እንደጣላችሁት ይንገሩኝ፤ አፅሙን ወስጄ ከአያቶቹ ጎን ላሳርፈው። ቦታውን በጣትዎ እስኪያሳዩኝ ድረስ ማንም እንዳይነካዎ ጎበዛዝቱን አስምያለሁ። ካሳዩኝ በኋላ መሐላው ያበቃል።

የጤናዎ ጠያቂ፣ የመንገድዎ ጠባቂ፣ መምጫዎን ከዋርካው ሥር ተቀምጦ የሚጠብቅ፣ የሰጠኝ አባት ባዬ።

የረሳሁት፤ ምሽጉ ሲከፈት በአዘዞ በኩል ልውጣ ብለው አይድከሙ፤ እዚያም የቤታችን ልጆች አሉ። ለራሴም አዲስ ወይራ አስቆርጫለሁ። ገና እርጥብ ነው፤ እንደ አባቴ ወይራ ቶሎ አይነድልዎም።

በል መሪጌታ፣ አሁን መልሰህ አንብብልኝ። ሰጠኝ ካለው ላይ ስትደርስ ቀስ ብለህ፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ፤ አስናቀች ከጓዳ ትስማው።