ያላየችውን ገጽ አነበበች

ኅዳር 4

ዛሬም ጥንቸል። ጠዋት ብቻ ሦስት ጥንቸል ገመገምኩ። አንዷ እጇን ትታጠባለች። አንዷ ለእናቷ ትታዘዛለች። ሦስተኛዋ እጇን ታጥባ ለእናቷ ትታዘዛለች። ጥንቸል በዚህ ዓለም ላይ ሌላ ሥራ የላትም እንዴ?

ታች ቤት ያለችው ጎረቤቴ ደረጃው ላይ ያዘችኝና፣ ቆይ ግን አንቺ ሥራሽ ምንድን ነው አለችኝ። ማንበብ ለሚጀምሩ ልጆች የሚታተሙ የታሪክ መጻሕፍትን እገመግማለሁ አልኳት። ቃሉ አጭር ነው ወይ? ዓረፍተ ነገሩ ይደጋገማል ወይ? ሥዕሉ ያግዛል ወይ? ካለፈ "ደረጃ አንድ፣ ቀላል" የሚል ማኅተም ይመታበታል። ፊደል የጨረሰ ልጅ ብቻውን ያነበዋል ማለት ነው። ሰማችኝ ሰማችኝና፣ ለዚህም ደሞዝ ይከፈላል አለች። ምን ልበላት... ይከፈላል።

የመጨረሻው ፈተና ግን ቢሮ አይደለም፣ እኔ ቤት ነው። መጽሐፉን ለልጄ ለሚጢ ይዤላት እመጣለሁ። መጀመሪያ እኔ አነብላታለሁ፣ ጆሮዋ እንዲለምደው። ከዚያ እሷ። ካነበበችው አለፈ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቢሮ "ትንሿ ዳኛ" ብለዋታል። ኃላፊያችን ራሳቸው፣ እንደዚያ ኮስታራ ሆነው፣ ትንሿ ዳኛ ምን አለች ሳይሉ አይፈርሙም። ምን እደብቃለሁ፣ ደረቴን ነፍቼ ነው የምመልስላቸው።

ማታ የፍየሏንና የጃንጥላዋን ታሪክ አነበበችልኝ። አንበለበለችው።

ኅዳር 8

ስምንቱ የደረጃ አንድ መጻሕፍት በታኅሣሥ መጀመሪያ ማተሚያ ቤት ይገባሉ ተባለ። ስምንቱንም ሚጢ አንብባቸዋለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ አላስቀምጥ አለኝ። የታጠበ መስኮት ድጋሚ አጠብኩ። አባቷ፣ መስኮቱ ምን አደረገሽ አለኝ። እኔ እንጃ።

ኅዳር 10

አባቷ አውቶቡሱን አስረክቦ መጥቶ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ሚጢ ፍየሏን ልታነብለት ተቀመጠች። እኔ ልብስ አጥፋለሁ። ሁለት ገጽ አብራ ገለጠች፤ ጭማቂ ፈሶበት ተጣብቋል። የተገለጠው ገጽ ላይ ፍየሏ ጣሪያ ላይ ወጥታለች። የሚጢ አፍ ግን "ፍየሏ ወንዙ ዳር ቆመች" አለ። እሱ ያለው ተጣብቆ የቀረው ገጽ ላይ ነው። ያላየችውን ገጽ አነበበች!

አባቷ አጨበጨበላት። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው የሰጣት ብዬ። ከዚያ ካልሲ እያጣመድኩ ሳቄ ቀስ እያለ ጠፋ። ቆይ። ቆይ እስቲ... ሌሎቹንስ?

ኅዳር 11

ቢሮ ገባሁ እንጂ አልሠራሁም። ልጅ ሁሉ የሰማውን ይይዛል፣ ጎበዝ ስለሆነች ነው፣ ምን ያሳስባል... እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል ዋልኩ።

ኅዳር 13

ሠዓሊያችን እንደ ልማዱ ዘግይቶ፣ ሥዕል ያልገባበት ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። ይዤው መጣሁ። ዛሬ ቀድሜ አላነበብኩላትም። ወጥ አማስላለሁ አልኩና ሰጥቻት ዞርኩ። የሚማሰል ወጥ አልነበረም።

ገለጠች። ገለጠች። ወደ ኋላ መለሰች።

"እማዬ፣ ሥዕሉ የት ሄደ?"

ገና አልተሣለም አልኳት።

"ታዲያ ምኑን ላንብብ?"

ማማሰያዬን ይዤ ቀረሁ። ጽሑፉን አልኳት፣ የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ። ቃሏ "ላም" ናት። ከዚህ የቀለለ ቃል ከየት ይመጣል? ሚጢ ገጹን አላየችም። አፌን አየች። ከንፈሬ እስኪጀምርላት ትጠብቃለች። ሳልጀምርላት ስቀር በጣቷ እየቆጠረች ከላይ ተነሣች፤ ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ። አገኘችው! ከዚያ ሁለተኛውን ልትፈልግ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም። እዚያ ስትደርስ የመጀመሪያው ጠፍቶባታል። እንደገና ከለ ጀመረች።

ፊደሉን በዜማ ታውቀዋለች እንጂ ከመሀል ነጥለው ሲሰጧት አታውቀውም። ልጄ ማንበብ አትችልም።

ሆዴን አመመኝ አለችና ተኛች። እንዳላመማት አውቃለሁ። እኔን ግን እውነት አመመኝ።

ኅዳር 14

በካርቶን ሥዕሉን እየሸፈንኩ የድሮዎቹን ሞከርኳት። ቀድሜ ያነበብኩላትን ሁሉ ተሸፍኖም አንበለበለችው። ከመሀል አንድ ቃል ስጠቁማት ግን ዝም። ስምንቱንም እንዲህ።

ያሳለፍኳቸው መጻሕፍት የቆሙት በእሷ ላይ ነው። እሷ ደግሞ የቆመችው በእኔ ድምፅ ላይ። ራሴ አንብቤ፣ ራሴ ሰምቼ፣ ራሴ አሳለፍኩ። ወይ ግምገማ!

ኅዳር 15

ከአባቷ ጋር ተጣላን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በአንድ ምሽት አስጠኚ ልቅጠር፣ ትምህርት ቤት ልቀይር፣ ዓይኗን ላስመርምር አልኩ። እሱ እንደሁ ሲነዳም ሲናገርም አይቸኩልም። ሰባት ዓመቷ ነው፣ ትደርሳለች፣ አንቺ ግን ልጅቷን እንደ ሻንጣ አትጎትቻት አለኝ። መጽሐፎቹስ ስለው ነው የከፋው። ለመሥሪያ ቤት ምን አስነገረሽ፣ ዝም አይነቅዝም፣ ነገ በልጄ ላይ ጣት እንዲቀስሩ ነው ወይ የምትፈልጊው አለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ብዬው በሩን ዘጋሁ።

ግን እኮ እውነቱን ነው፣ ይቀስራሉ። ዝም ካልኩ ደግሞ? "ቀላል" የሚል ማኅተም ያለበት መጽሐፍ ያቃተው ልጅ ጥፋቱ የማን ይመስለዋል? የመጽሐፉ ነው ይላል? የራሱ ነው የሚለው።

ኅዳር 17

ከትምህርት ቤት በእግር መጣን። ታክሲ እያለ። በእግር ሲኬድ ልጅ ፊት ለፊት ስለማያይሽ ይናገራል። እንደ ዋዛ ጀመርኩ። ፊደል መሀል ላይ ሲሆን ይጠፋብሻል አይደል አልኳት። ጠጠር መታች። ሌላ ጠጠር መታች። ከዚያ፦

"ሁሉንም ቀላል ነው አልሽኝ እኮ። ቀላል ከሆነ እኔን ለምን አቃተኝ?"

ማኅተሙ ያለው መጽሐፉ ላይ ብቻ መስሎኝ... ለካ በየቀኑ ልጄ ግንባር ላይ ስመታው ከርሜያለሁ። አቅፌያት ቆየሁና መንገድ ቀጠልን። ቤት ልንደርስ ስንል እጄን ጎተተችኝ። ቢሮ እንዳትነግሪ አለች። ዳኛ አይደለችም ይሉኛል።

እሺ አላልኳትም። እምቢም አላልኳት።

ኅዳር 20

ኃላፊያችን የስምንቱን መጽሐፍ የማጽደቂያ ወረቀት አምጥተው አስቀመጡልኝ። እስክሪብቶ አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። ሆዴን አመመኝ አልኳቸው። ሂጂ እረፊ አሉኝ። እናትና ልጅ አንድ በሽታ ያዘን።

ሰፈሩን ሁለቴ ዞርኩት። ዳቦ ሳልገዛ ዳቦ ቤት ገብቼ ወጣሁ። ብነግራቸው ልጄን ከዳኋት። ባልነግራቸው የማላውቃቸውን ስንት ልጆች... እነሱም እኮ እናት አላቸው። እነሱም ሆዴን አመመኝ ብለው ይተኛሉ።

ኅዳር 21

ራሷን ጠየቅኳት። ሌላ መንገድ ከየት ላምጣ? ጸጉሯን እየሠራሁላት፣ ሚጢ፣ እውነቱን ካልነገርኳቸው ሌሎች ልጆችም እንዳንቺ ይጨነቃሉ አልኳት። ይስቁብኛል ወይ አለች። የሚስቅ ካለ እኔ አለሁ አልኩ። ብዙ አሰበች። ማበጠሪያውን ከእጄ ወስዳ ጥርሱን እየነካካች አሰበች።

"እሺ ንገሪያቸው። ግን የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም በያቸው።"

ዳኛ ማለት ይሄ ነው። ጥርት ያለ ፍርድ።

ኅዳር 22

ነገርኳቸው። ልክ እንዳዘዘችኝ። ልጄ አልተሳሳተችም፣ አፈታተኔ ነው የተሳሳተው አልኩ። ቀድሜ እያነበብኩላት፣ የሷን ትውስታ ንባብ ነው ብዬ ሳመጣላችሁ ነበር። ኃላፊያችን መነጽራቸውን አወለቁ። የስንቱን አሉ። የስምንቱንም አልኩ። "ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ" አሉ። የቀረውን አልጨረሱትም፤ ድስቱ እንደተጣደ፣ ለቅሶውም የእኔ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሠዓሊው ተቆጣ፣ የእኔ ሥዕል ምን አጠፋ ብሎ። ማማሩ ነው ያጠፋው አልኩት። ልጁ ሥዕሉን አይቶ ታሪኩን ይጨርሰዋል፣ ለጽሑፉ ምን ይቀረዋል? ሙገሳ ይሁን ስድብ ግራ ገብቶት ሄደ።

ማንም በሚጢ አልሳቀም። በእኔ ሳቁ እንደሆነ እንጃ። ለአባቷ ስነግረው ማሳረፊያ ያጣ እጁን ኪሱ ከተተና፣ ደግ አደረግሽ አለ። ለሱ ይሄ ንግግር ነው።

ኅዳር 27

ኃላፊያችን ፈቅደው፣ መጽሐፎቹን ጨርሶ ሰምተዋቸው የማያውቁ ልጆች ወዳሉበት ክፍል ይዘናቸው ሄድን። ትንንሽ ወንበር፣ ጉልበቴ አገጬ ላይ። ማንም ቀድሞ አያነብም፣ ማንም አይጠቁምም ተባለ። ይሄ የተባለው ለእኔ ነው።

ሁለቱ መጻሕፍት ተነበቡ። ስድስቱ አልተነበቡም። አንዱ ልጅ ፍየሏን ገልጦ ሥዕሉን እያየ ግሩም ታሪክ አወራልኝ፤ ፍየሏ ፖሊስ ናት፣ ጃንጥላውን የሰረቀውን ትፈልጋለች። አንዱም ቃል እዚያ የተጻፈ አይደለም። ከጸሐፊው ይሻላል። ግን ንባብ አይደለም።

ስድስቱ ከማተሚያ ቤት ወረፋ ወጡ።

ኅዳር 29

ከደረጃ አንድ ተነሣሁ። "ለጊዜው" አሉኝ ኃላፊያችን። የመምህራን መምሪያ መጽሐፍ እርማት ላይ ተመደብኩ። ነጠላ ሰረዝ ለቀማ። ክፉ አልተናገሩኝም፣ እንዲያውም ሻይ አዘዙልኝ፤ ያ ነው ያናደደኝ። ያንን ሥራ እወደው ነበር። ጥንቸሎቹን ሳይቀር። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ነጠላ ሰረዜን ልለቅም ተመለስኩ።

ታኅሣሥ 5

ማታ ማታ ከሚጢ ጋር እንቀመጣለን። ፊደሉን በየካርዱ ቆራርጠን፣ አደባልቀን። እሷ ትሻላለች፤ የማይሻለኝ እኔ ነኝ። ቃሉን ልትይዘው ስትል አፌ ይቀድማታል። እግሬ ጠረጴዛውን ይመታል። ሰዓት አያለሁ። ዛሬ ካርዱን አስቀምጣ አየችኝና፣ አንቺ ስትቀመጪ ልቤ ይመታል አለችኝ።

የእኔም ይመታል አልኳት።

ታኅሣሥ 9

አባቷ ያስቀምጣት ጀመር። ስትሳሳት አያርማትም፤ ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ እንደሚጠብቅ ዝም ብሎ ይጠብቃታል። ቀናሁ። ኩሽና ሆኜ ጆሮዬን አቁሜ ቀናሁ።

ታኅሣሥ 16

ዛሬ "አላውቀውም" አለች። ደፍራ፣ ዓይኔን እያየች፣ ሆዴን አመመኝ ሳትል። የማታውቀውን ቃል በጣቷ ይዛ፣ "ይሄን አላውቀውም፣ ሌላውን አውቀዋለሁ" አለችኝ። ስስማት ግራ ገባት።

ታኅሣሥ 23

ከቢሮ ስመለስ ሚጢ ቤት ከቀረው የደረጃ አንድ ክምሬ አንዱን መዝዛ ይዛለች። ገና ያልተገመገመ ነው፣ እኔም ከመጀመሪያዋ ቃል አልፌ አላነበብኩትም። ላንብብልሽ አልኳት፣ ለካ አመል አይለቅም። እምቢ። አብረን እንቀመጥ? እምቢ።

"አንቺ ውጪ ሁኚ።"

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችው። ኮሪደር ላይ ቀረሁ፣ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ድምፅ... አንድ ፊደል፣ ዝምታ፣ አንድ ፊደል። ቃሉ ምን እንደሆነ አይሰማኝም። ተሳስታ መለሰችው፤ ስትመልሰው ይታወቃል። እጄ በሩ ላይ ደርሶ ነበር፣ አወረድኩት። አባቷ ገባና ምን ሆነሻል ሊለኝ አፉን ሲከፍት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አደረግሁ። እሱም ቁልፉን እንደያዘ አጠገቤ ቆመ።

ብዙ ቆየች። እንደገና ዝምታ ሆነ፣ ይሄኛው ረዘመ። ተወችው አልኩ በሆዴ። ደከማት። ልግባ?

ከዚያ ሳቀች።

ልታስደስተኝ የምትስቀውን ሳቅ አውቀዋለሁ፣ እሱ አይደለም። ትንሽ ነው፣ ሳታስበው ያመለጣት፣ ለማንም ያልሆነ። ሥዕል አይታ እንዳልል፣ የመዘዘችው ያ ሥዕል የሌለው ረቂቅ ነው። እዚያ ውስጥ የሆነ ቦታ የሚያስቅ ነገር ተጽፏል፤ ልጄ ብቻዋን ደርሳበታለች።

አባቷ ምን ይሆን ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ። እኔም አላውቅም። ስትወጣም አልጠየቅኳትም።