ሟች አይደለም፣ ማክ ነው

ጥቅምት 28
ሻርጃ። ወርክሾፑ ውስጥ ኤሲው አጥንት ይሰብራል። አንድ የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ። የቃል ፈተናው ኅዳር 19 ነው ተባለ። ካለፍኩ በሠራሁት ዕቃ ላይ ራሴ እፈርማለሁ። ካላለፍኩ... ለሌላ ሰው ካቻቢቴ ማቀበል።

አለቃዬ ሙጂብ መለኪያው ላይ የተጻፈውን የፍጥነት መስፈሪያ ስም ሳነብ ሰምቶ ሳቀ። የደሴ ልጅ ነው፣ ሲስቅ አይራራም። «ማች አይደለም፣ ማክ በይ! የሰውዬ ስም ነው።» ኮሌጅ ሁላችንም ማች ስንል ነው የተመረቅነው። አሁን ምላሴ እንዴት ይታረም?

ጥቅምት 30
ለፈተናው የማጠናውን ጮክ ብዬ ካላወራሁት አይገባኝም። አጅማን ቢድ ስፔሱ ውስጥ፣ አልጋ ብቻ በምንከራይበት ክፍል፣ ደግሞ ሰው ይተኛል። ስለዚህ ውጭ ወጥቼ በቮይስ ለእህቴ ለደብሪቱ እልካለሁ። ዱባይ፣ ሚርዲፍ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ልብስ እየተኮሰች ትሰማኛለች።

የዛሬው፦ አውሮፕላኑ አፍንጫ አካባቢ ያለችው ቱቦ ፊት ለፊት የሚመጣውን አየር ትቀበላለች። ጎን ላይ ያለችው ቀዳዳ የአካባቢውን የአየር ግፊት ብቻ። መሣሪያው ሁለቱን ያነጻጽርና ከድምፅ ፍጥነት ስንት እጅ እንደምንሄድ ይናገራል። ቴርሞሜትር እንኳ አይፈልግም። ቆንጆ አይደል? ለእኔ ነው።

ኅዳር 4
እማዬ ቀን ተሰጣት። የልብ ቀዶ ጥገና፣ አዲስ አበባ፣ ኅዳር 18። እኔ ፈተና አለብኝ። ደብሪቱ ትሄዳለች፣ አሠሪዋ ማዳም ፈቅዳላታለች። ቮይስ ላክሁ፣ ስለ ከፍታና ስለ ግፊት።

ኅዳር 9
ደብሪቱ አልሄድም አለች።
«ዋላሂ አልሄድም! ራስሽ አይደለሽ የላክሽልኝ? ሟች ሰባ ስምንት ያልሽው?»
«ዜሮ ነጥብ ሰባት ስምንት ነው። ከድምፅ ፍጥነት ሰባ ስምንት በመቶው ማለት...»
«እናታችን ሆስፒታል ልትገባ ሟች ሟች ትያለሽ። ሟርተኛ!»
ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፣ ዘጋችብኝ። ለካ ዐሥር ቀን ሙሉ በጆሮዋ ላይ ሳሟርት ከርሜያለሁ።

ኅዳር 11
አል ማምዛር፣ ባሕር ዳር ተገናኘን። የዕረፍት ቀኗ ነው። አሸዋው ላይ ሥዬ አስረዳኋት። ከፍ ሲባል አየሩ ይቀዘቅዛል፣ በቀዝቃዛ አየር ድምፅ ራሱ ይዘገያል። አውሮፕላኑ ሳይፈጥን ወደ ድምፅ ፍጥነት ይጠጋል። መሣሪያው ከወሰኑ እንዳያልፍ ይጠብቃል። ቃሉም ማክ ነው እንጂ ሟች አይደለም።

እስክጨርስ ሰማችኝ።
«አውሮፕላኑን ማን ፈራ? ሚርዲፍ ቀን ከሌት በራሴ ላይ ሲያልፍ አይደል የምውለው።»
«ታዲያ ሙሽኪላው፣ ችግሩ ምንድን ነው?»
«ሐኪሙ ወጥቶ የሚናገረውን ብቻዬን ቆሜ ልስማው? ስለ ቱቦ ስትልኪልኝ አንድ ቀን እንኳ እማዬስ አላልሽም።»

ስለ እማዬ አለማሰቤ ነው? ወይስ ላለማሰብ ነው ስለ ቱቦ የማወራው? ሁለተኛው ይመስለኛል... አፈርኩ።

ኅዳር 12
ሙጂብን ፈቃድ ጠየቅሁት።
«ፈተናው ካመለጠሽ እስከ ሰኔ የለም።»
«እናቴ ናት፣ ሙጂብ።»
ትንሽ አየኝ። «ያላ፣ ሂጂ። ሰኔም ቀን ነው።»
ለደብሪቱ ደወልኩ። መጀመሪያ አላመነችም፣ ቀጥላ ለእማዬ ምን እንደምትገዛ ታወራ ጀመር።

ኅዳር 15
አውሮፕላን ላይ። ደብሪቱ መስኮቱን ይዛለች፣ እኔ መሐል። በወዲያኛው ጎኔ ከዴይራ ገበያ ዕቃ ገዝታ የምትመለስ ነጋዴ አለች።

ከፍ ካልን በኋላ ደብሪቱ ወደ እኔ ዞረች። ልታስቀኝ ፈልጋ ነው መሰለኝ። «እሺ፣ አሁን ማክ ስንት ደረስን?»

መገመት አያቅተኝም ነበር። ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።
«እማዬ ብትሞትስ?»

«እኔም እሱን ነው የምፈራው» አለችና እጄን ያዘችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ነጋዴዋ ምን ሆናችሁ ሳትል ሶፍት አቀበለችን።