ሦስተኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል

ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ መንገድሽ ይቅናልሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከነሕመሙ ያቆመኛል።

ለዓለም አቀፉ ስብሰባ እንደምትመጪ ወንድምሽ ነገረኝ። ሆቴል እንደምታርፊ፣ ቤት ብቅ ለማለት ጊዜ እንደሌለሽም ነገረኝ። እሺ፣ ይሁን። አልጋሽን አንጥፌልሽ ነበር፤ መልሼ ሸፈንኩት።

ከአየር ማረፊያው ስትወጪ በሩ ላይ የሚሻሙሽን ባለታክሲዎች ዝም ብለሽ እለፊያቸው፤ እንደ እንግዳ ነው የሚያስከፍሉሽ። እንግዳስ ነሽ፣ ምን ዋሹ! ሹራብ ያዢ፣ የስብሰባው አዳራሽ ይቀዘቅዛል። ሆቴሉ መንገድ ዳር ያለ ክፍል ከሰጠሽ እምቢ በዪ፤ የመኪናው ጩኸት አያስተኛሽም። ሦስተኛ ፎቅ፣ በጓሮ በኩል ጠይቂ።

ይህን ሁሉ ከየት አወቀች ትዪ ይሆናል። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ባዶ ቤት መቀመጥ አቃተኝና እዚያው ሆቴል ክፍል አጸዳለሁ፤ ሦስተኛው ፎቅ የኔ ነው። ሠራተኛ እንግዳ አያዋራም፣ ደንብ ነው። አትሳቀቂ፣ ሰው ፊት «ልጄ» አልልሽም። አንሶላሽን ብቻ በእጄ ላንጥፍልሽ።

ከክፉ ይሰውርሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይስመርልሽ። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ፤ ጠዋት ስትወጪ «አይረብሹ» የሚለውን ካርድ በሩ ላይ አትስቀይብኝ።

እናትሽ