ቱርቦዋን አላስፈታም

በርጋዬ፣

ከተለየኸኝ እነሆ ዓመት ሊሞላ ነው። ሰው ሁሉ ጊዜ ያስረሳል ይለኛል። ምን አባቱና ያስረሳል! የለቅሶው ድንኳን ከተነሳ ጀምሮ አንተን ሳላስብ፣ አንተን ሳልቆጣ የዋልኩበት ቀን የለም። አዎ፣ እቆጣሃለሁ። ሰፈሩ በሙሉ ይቺ መኪና ትገድልሃለች እያለ ሲያሟርትብህ ኖሮ፣ አንተ በጉበት በሽታ አልጋህ ላይ ሞትክብኝ። አሟራቾቹም ቅር ሳይላቸው አልቀረም።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ጥሩዬ ስምንተኛ ክፍል ገብታለች፤ በቁመት እኔን አልፋኛለች፣ በግትርነት አንተን። የኩሽናው ጣሪያ ዛሬም ያፈሳል። መኪናህም ግቢ ውስጥ አለች። የምጽፍልህም በእሷ ነገር ነው፤ ሊወስዱብኝ ነበር።

ያን ፈረንጅ መቼም አትረሳውም። ለእርዳታ ሥራ ሲመጣ ያቺን ትንሽ ቀይ መኪና ይዞ ገብቶ፣ ሰበታ መንገድ ላይ ቦይ ውስጥ ከቷት፣ አፍንጫዋ እንደተጨፈለቀ ላንተ ትቶልህ አገሩ የገባውን። ጌጃ ሰፈር ድረስ አስጎትተህ ስታመጣት፣ ባሌ አበደ ብዬ እናቴ ቤት ልገባ ምንም አልቀረኝም ነበር። ክረምት ከበጋ ልብስ ማስጫዬ ሥር ተጋድመህ ቀጠቀጥካት።

ቱርቦ ናት አልከኝ። እኔ የማውቀው ቱርቦ እህል ጭኖ ወደ ወሎ የሚወጣውን ትልቁን የጭነት መኪና ነው። አንተ ግን ቁጭ አድርገህ አስረዳኸኝ። ሞተሩ ተፍቶ የሚጥለው ትኩስ ጭስ ትንሽ መዘውር ያሽከረክራል፤ መዘውሩ ደግሞ እንደ አንጥረኛ ወናፍ አየር እየጠቀጠቀ ለሞተሩ ይመልስለታል። ትንሿ ሞተር የትልቅ ጉልበት የምታገኘው ከዚያ ነው።

ከማርያም ሥዕል ጎን ከፈረንጅ መጽሔት የቀደድከውን ፎቶ ለጠፍክ። ጭቃ ለብሳ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ያነሳች የራሊ፣ የረጅም መንገድ ውድድር መኪና ናት። ፋሲካ በደረሰ ቁጥር ኬንያ ውስጥ ራሊ ሲደረግ፣ ሬድዮህን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ ሰው አታናግርም ነበር። የእኛዋ የእሷ እህት ናት ትለኝ ነበር። ፋብሪካው እህቷን ሠርቶ ለሕዝብ ካልሸጠ የራሊዋን ለውድድር አያስገቡለትም፤ ሕጉ ነው አልከኝ። እንግዲህ ያቺ በረሃ ለበረሃ የምትበረው፣ ይቺ ገበያ የምትወርደው ስላለች ነው። ይህን ስትነግረኝ ጎመንና ቲማቲም ከኋላ ጭነን ከአትክልት ተራ እየተመለስን ነበር። ሳቅሁብህ እንጂ ነገሩስ ደስ ብሎኛል።

ሜክሲኮ አደባባይ ላይ የዚያን ካድሬ መኪና ቀድመህ ያለፍክ ለታስ? በማግስቱ ቀበሌ ተጠራህ። ሊቀመንበሩ የቡርዧ መኪና ትነዳለህ ብለው ሲያፋጥጡህ፣ ጓድ፣ ሞተሯ እኮ የዚያኛው ግማሽ ናት፣ ሠርቶ አደር ናት ብለሃቸው አረፍከው! ዋስ ሆኜ አስወጣሁህ። አንተ እስከ ቤት ድረስ ሳቅህ። ልገድልህ ደርሼ ነበር፤ ግን እኔም በር ላይ ስንደርስ ሳቄ አመለጠኝ።

እንዲያ አብርረህ ስትገባ ታዲያ ሞተሯን ወዲያው አታጠፋም። በር ላይ አቁመህ ትንሽ ታስተነፍሳታለህ። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ዘመን! ጎረቤቱ ጉራ ነው አለ፤ እኔም ራት አቅርቤ እነጫነጭ ነበር። ቱርቦዋ ግላ ስለምትገባ ዘይቱ እየዞረ ያብርዳት፤ ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ ይቆማል፣ ያኔ ታርራለች ብለህ ለእኔም ለታላቅ ወንድምህ ለጋሽ ኃብቴም ነግረኸናል። እኔ ሰምቻለሁ። እሳቸው አልሰሙም።

አርባህ እንደወጣ ጋሽ ኃብቴ ቆማ ከምትበላሽ ብለው ቁልፉን ወሰዱ። ከሽሮ ሜዳ ሸማ እየጫኑ መርካቶ ሱቃቸው ያመላልሱባት ጀመር። በዚህ በኩፖን ጊዜ ሰዉ እንዴት እንደሚነዳ ታውቃለህ፤ ቁልቁለት ሲያይ ሞተር አጥፍቶ በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ መልቀቅ ነው። ጋሽ ኃብቴም ሽቅቡን እስኪበቃት ረግጠው ያወጧታል፣ ሸማውን ከኋላ ወርወር አድርገው ገና እንደጋለች ያዞሯታል፣ ሞተሯን አጥፍተው እስከ አራት ኪሎ ቁልቁል ይለቋታል። በቆጠቡት ቤንዚን ሲኩራሩ ከረሙ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ ጭስ እያጎነች፣ ጅራቷን እንደተረገጠች ድመት እየጮኸች ግቢ ገባች። እንደፈራኸው ቱርቦዋ አርራለች።

እሳቸው ግን መላውን ይዘው ነው የመጡት። ቱርቦዋ ተፈትታ ትጣል፣ እንደማንኛዋም መኪና ትሁንና ትሸጥ፤ ገዢም አላቸው። ሴት ልጅ በዚህ ሰይጣን ምን ትሠራለች አሉ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ጋራዥ ያለው ጓደኛህ ሰይድም ፍታት ሲሉት እሺ ብሏቸው ነበር፤ ታላቅ ናቸው፣ ምን ያድርግ። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ጉያዬ ወሸቅኩት። አላስፈታም አልኳቸው። ከተጋባን ጀምሮ እኚህን ሰውዬ ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም፤ የዚያን ዕለት ዓይን ዓይናቸውን አየኋቸው። በርጋዬ፣ የተናደድኩት ለመኪናዋ ብቻ አይደለም። እኔንም ያሰቡልኝ እንደዚያው ነው፤ ጥቁሬን ለብሼ፣ ጥግ ይዤ፣ ድምፄ ሳይሰማ እንድኖር።

በየቀኑ ከሥራ ስወጣ ሰይድ ጋ ሄድኩ። ምስኪን ሰይድ! በእኔ ጭቅጭቅና በጋሽ ኃብቴ ቁጣ መሃል ከሳ። ያረረው የቱርቦዋ ዕቃ አገር ውስጥ የለም። ቶርኖ ቤት መዘውሩን የሚያቅፍ የነሐስ ቡሽ ቢያስቀርጽ አንዱ ጠበበ፣ አንዱ ሰፋ፣ ሌላው ተሰነጠቀ። ተዪው በቃ ባለኝ ቁጥር፣ ነገ እመጣለሁ ብዬው እሄዳለሁ። በመጨረሻ አንዱ ልክ ሆኖ ያዘ። ድምጿ እንደ በፊቱ አይደለም፣ ትንሽ ታፏጫለች። ታፏጭ!

መንጃ ፈቃድም አወጣሁልህ። ፈታኙ ከጎኔ ተቀምጦ፣ እመቤት፣ ባልሽ ቢነዳ አይሻልም ወይ አለኝ። ባሌ ሞቷል አልኩትና ሽቅቡን ረገጥኩለት። ወንበሩን ሙጭጭ አድርጎ ያዘ። አለፍኩ።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ኃብቴ ያንኑ ገዢ አስከትለው መጡ። የሞተ ሰው አይነዳ፣ ለማን ብለሽ ነው የምታስቀምጫት አሉኝ። ለእኔ አልኳቸው። ለአንተ መታሰቢያ የማቆያት መስሏቸው ነበር መሰለኝ። ገዢው ጫማ ጫማውን እያየ ወጣ።

አልረሳህም፣ በርጋዬ። ሽቅብ ላይ ስረግጣት ትንሽ ዝም ትልና በድንገት ጀርባዬን ከወንበሩ ጋር ስታጣብቀኝ፣ ያኔ ስምህን እጠራለሁ። ጥሩዬ ስታድግ መንዳት የማስተምራት እኔ ነኝ፤ ያኔም እጠራሃለሁ። እንባዬ ከመጣም ይምጣ፣ በአንድ እጄ እጠርገዋለሁ።

ቅዳሜ ሙት ዓመትህ ነው። ጥቁሬን አውልቄ፣ እኔው ነድቼ ልደታ መቃብርህ ድረስ እመጣለሁ። ጥሩዬ ከፊት ከጎኔ ትሆናለች። ጋሽ ኃብቴም ታላቅ ናቸውና ጥዬአቸው አልመጣም፤ ከኋላ ይቀመጣሉ።

ያንተው ዘነብሽ