ከብርድ ልብሱ ስር ያለው ፈቃዴ

ኢንቾን፣ ኖቬምበር 14 ቀን

ለሚንጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? እኔም ልጅህም ደህና ነን። ሚንጄ እሁድ እሁድ ይመጣል፤ ሲመጣም በልቶ ይተኛል፣ ያንተ ልጅ አይደል። የላክኸው ባሮ ሽንኩርት ሐሙስ ደርሶኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ አንዲት ቃል ሽንኩርት ብቻ ስትልክ ኖረህ፣ ዘንድሮ ከሥሩ ብጣሽ ወረቀት ባገኝ ከድንጋጤዬ ካርቶኑ ላይ ቁጭ አልኩበት። ግማሹ ሽንኩርት ተጨፍልቋል።

ወደ ወረቀትህ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ንዴቴን ላውጣ።

ባለፈው ወር ወንድምህ ጋሽ ማንሲክ አንድ ካርቶን መንደሪን ተሸክመው መጡ። እሳቸው ባዶ እጃቸውን ካልመጡ ይዘው የሚሄዱት ነገር እንዳለ ማወቅ ነበረብኝ። "ጃኬቴን መኝታ ቤት ላስቀምጥ" አሉ፤ እኔ ሞኟ ሻይ ላፈላ ገባሁ። በማግስቱ ያቺ ልብስ ንጽሕና ቤት ያላት ጓደኛዬ ቦንግሬ ደወለች።

"አንቺ! ቢሮ ከፍተሽ ነው የምትደብቂኝ?"

"የምን ቢሮ?"

"የቤት ድለላ ቢሮ ነዋ! አማችሽ ጋ ግድግዳው ላይ ተሰቅለሽ አየሁሽ። ደሞ ምን አባሽ ሆነሽ ነው እንደዚያ ወጣት የሆንሽው?"

ሮጬ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩ፤ ፎቶዬ ያለበትን የቤት ድለላ ፈቃዴን ከደበቅሁበት ከክረምቱ ብርድ ልብስ ስር እጄን ብሰድ ባዶ። ደሜ ፈላ።

እስቲ ልብ በል፣ ሁለት ዓመት የተኮራረፍነው በዚሁ ፈቃድ አይደል? "ለወንድሜ አውሺው፣ ቢሮው ላይ ይሰቅለዋል፣ ምን ይጎድልብሻል?" አልክ። ሌላ ሰው ሲሠራበት ከተያዘ ለዘላለሙ እንደሚሰረዝብኝ ነገርኩህ። "ዘጠኝ ዓመት ያልሠራሽበትን! በይ ከወረቀትሽ ጋር ኑሪ!" ብለህ ወደ እናትህ ደሴት ተሳፈርክ። እኔም በመስኮት "እሱ ቢያንስ አያንኮራፋም!" አልኩህ። ሕንፃው በሙሉ ሰማ።

እናልህ፣ ለኪምቺው ጎመን የበርበሬ ቅመም ሳቦካ ስለነበር ያንኑ ቀይ የላስቲክ ጓንቴን እንዳጠለቅሁ በረርኩ። ቢሮው ውስጥ ሁለት ሙሽሮች ተቀምጠዋል። ጋሽ ማንሲክ ሲያዩኝ ብድግ አሉ።

"የሚንጄ እናት! ምነው በደህና?"

"ፈቃዴን ልወስድ ነው" ብዬ ጫማዬን አውልቄ ሶፋው ላይ ወጣሁ።

"ኧረ ቀስ! እንግዶች አሉ! ቁም ሳጥን ውስጥ ከሚሻግት እዚህ ነፋስ ቢያገኝ ምናለበት?"

"ይሻግት! የራሴ ነው የሚሻግተው። ነገ ተቆጣጣሪ ቢመጣ የሚሰረዘው የማን ስም ነው?"

"የት እንዳለ የነገረኝ እኮ ባልሽ ነው!"

ካንተ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ገባኝና ሶፋው ላይ እንደቆምኩ ዕንባዬ መጣ። ልጠርገው ብል ጓንቱ በርበሬ ነው! ዓይኔ ተቃጥሎ እሪ ስል ሙሽራዋ ውኃ አመጣችልኝ።

"እትዬ፣ ፎቶው ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት? እንግዲያው ይህን የኪራይ ውል ቢያዩልን? ያለንን ሁሉ ለአከራዩ በመያዣ ነው የምንሰጠው" አለችኝ።

እምቢ ልል ነበር። በአንድ ዓይኔ እያነበብኩ "የቤቱን መዝገብ አሳዩኝ" አልኩ። ጋሽ ማንሲክ "እሱ ሰኞ ይመጣል" አሉ። እዚያው በሙሽራው ስልክ አስወጣሁት። ቤቱ ለሁለት ባንክ በዕዳ ተይዟል! ቢሸጥ እንኳ ለነዚህ ልጆች ከመያዣቸው አንዲት ዎን አይተርፍም። "በሉ ተነሡ፣ ሂዱ" አልኳቸው። ሙሽራው ጎንበስ ብሎ እየሰገደ ጭንቅላቱን ከበሩ ጋር አጋጨ። ወንድምህ ወዛቸው ጠፍቶ "እኔ እኮ አላወቅኩም ነበር" አሉ። እውነታቸውን ነው፣ አያውቁም። እኔስ የምለው ይህንኑ አይደል?

ፈቃዴን ከግድግዳው አውርጄ ስወጣ ግን ከኋላዬ "ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሽ ለምን አትሠሪበትም?" አሉኝ። በሩን ዘግቼባቸው ሄድኩ።

ምክንያቱን ላንተም ነግሬህ አላውቅም። እፈራለሁ፣ የሚንጄ አባት። ሕጉ በተለወጠ ቁጥር አዲሱን መጽሐፍ ገዝቼ የማነበው ለጨዋታ መስሎህ ትስቅብኝ ነበር። የሰው ዕድሜ ልክ ላብ በኔ ፊርማ እንዳይጠፋ ብዬ ብርድ ልብስ ስር ከተትኩት። ልጥለው ደግሞ አልችልም። በሕይወቴ ማንም ሳይሰጠኝ ያገኘሁት እሱን ብቻ ነው።

አንተንም ግን በጣም ተቀይሜህ ነበር። ሽንኩርትህን ሁሉ ለቦንግሬ ልሰጥ ቆርጬ ካርቶኑን ስከፍት ነው ያቺ ብጣሽ የወጣችው። "ቦታውን የነገርኩት ጠጥቼ ነው፤ ከወሰደው አስመልሺ። ጥፋቱ የኔ ነው። ለልደትሽ የባሕር አረም ሾርባ ሠርቼ ብቻዬን በላሁ" ይላል። አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ሾርባ? ሦስተኛው የፈቃድ ፈተናዬ ከልደቴ ጋር የገጠመ ለት በዕድሜህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድስት ጥደህ ያንን ሾርባ አቀረብክልኝ። ፈተና ያለበት ሰው የሚያሙለጨልጭ የባሕር አረም ከቀመሰ አዳልጦት ፈተናውን እንደሚወድቅ ሕፃን እንኳ ያውቃል! አንተ ግን ልደቴን እንጂ ፈተናዬን አላሰብክም። ላብህን አይቼ አሟጥጬ በላሁት። በአንድ ጥያቄ ወደቅሁ። ዓመት ሙሉ ስረግምህ ኖርኩ፤ እውነቱን ላውጣውና ያንን ጥያቄ ያኔም አላውቀውም ነበር። ሾርባህ ጥፋት አልነበረበትም፣ ጨው ከመብዛቱ በቀር።

ትናንት ወደ ደላሎች ማኅበር ደወልኩ። "አሥራ አንድ ዓመት ሳልሠራበት ቆየሁ፣ አልቆብኛል ወይ?" አልኳት ስልኩን ያነሣችውን ልጅ። ልጅቷ ሳቀችብኝ። "እናቴ፣ ይህ ፈቃድ ስንት ዓመት ቢቀመጥ አያረጅም። ሥራ ሲያምርዎ አራት ቀን ሠልጥነው መጀመር ነው" አለች። ለመጪው ወር ተመዝግቤያለሁ።

ብቻ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ያሰብኩት አንተን ነው። ሥራ ፈተህ ተቀመጥክ እንጂ ማን ሰረዘህ? ማንም። ስለዚህ ላንተም የአራት ቀን ሥልጠና አዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያው ቀን ዕቃ ማጠብ፣ ሁለተኛው ልብስ ማጣጠፍ፣ ሦስተኛው ሚስጥር መጠበቅ፤ ይህኛው ቀኑን ሙሉ ነው። አራተኛው ቀን ምንም የለውም፣ ተቀምጠህ ትበላለህ። ዘንድሮ ሠላሳ ጥቅል ጎመን ኪምቺ አድርጌዋለሁ። ቦንግሬ "ለብቻሽ? ማን ሊበላው ነው?" ስትለኝ "እጄ ለምዶ ነው" ብዬ ሸወድኳት።

ብርዱ ሳይብስ ወገብህን ሸፍን፣ መጠጡንም ቀንስ። ጤናውን ይስጥህ። ጀልባው ማክሰኞና ዓርብ እንደሚወጣ አጣርቻለሁ።

ያልተሰረዘችው ባለቤትህ፣
ቺዮን ማልሱክ