ከሙሽራው ቀሪውን ሁለት እጅ እንድቀበል ስለታዘዝኩት ትእዛዝ

ለተከበሩ የፎቶ አንሺዎች ማኅበር ሊቀ መንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ማኅተም ሲመታ ውሎ ለማይዝለው ቀኝ እጅዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፣ እሱም በየሠርጉ ስንበረከክበት የኖርኩት ስለሆነ ቅሬታ የለኝም።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ከውጭ መጥቶ የሰፈራችንን ልጅ ያገባውን ሙሽራ እንደ ማንኛውም ጎረቤት አስከፍዬ በማንሳቴ ገበያ አበላሽቻለሁ ይላል። የእንግዳ ዋጋ ሦስት እጥፍ ነውና ቀሪውን ሁለት እጅ በአሥር ቀን ውስጥ ከሙሽራው ተቀብዬ እንዳሳውቅ፣ አለዚያ የአባልነት መታወቂያዬ እንደሚሰረዝ ገልጸውልኛል። ያለ መታወቂያ የአዳራሽ ዘበኛ እንደማያሳልፈኝ ያውቃሉና፣ ጉሮሮዬን ከመዝጋትዎ በፊት አሥር ቀን ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ሆኖም ያልገቡኝ ጥቂት ነገሮች አሉ።

1. የማኅበሩ የዋጋ መመሪያ ስለ ሙሽራው እንጂ ስለ ሙሽሪት አይናገርም። እሷ የጎረቤቴ የልብስ ሰፊው ልጅ ናት፤ ጥርስ ሳታወጣ ጀምሬ አውቃታለሁ። ኮሚቴዎ ታዲያ እሷ ብቻዋን የተነሳችው በነጠላ ዋጋ፣ እሱ ብቻውን የተነሳው በሦስት እጥፍ፣ አብረው የተነሱት ደግሞ «ወደ ሙሽራው አዘንብሎ» እንዲሰላ ወስኗል። በአንድ ቢላዋ፣ እጅ በእጅ ላይ ደርበው ኬክ ሲቆርሱ ያነሳኋቸው ሃያ ሦስት ፎቶዎች አሉ። ቢላዋው ወደ ማን እንደሚያዘነብል የሚለካ ባለሙያ ቢልኩልኝ ወጪውን እችላለሁ።

2. እንግዳን በምን እንለያለን ብዬ በስብሰባ ብጠይቅዎ፣ «ጫማውን አይተህ ዋጋ ጥራ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ፣ አዲስ ነህ እንዴ?» ብለው ቤቱን አስቀውብኛል። አዲስ አይደለሁም። ባለቤቴ ባረፈች ዓመት፣ የእህታቸውን ልደት ሊያከብሩ ከሩቅ የመጡ አንዲት እናት ጫማቸውን አይቼ አራት እጥፍ ጠርቼባቸዋለሁ። ሳይከራከሩ ከፈሉ፤ ጭራሽ «ቆመህ ዋልክ እኮ፣ ልጄ» ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ማታ ለጸሎት ስቆም አፌ ቃሉን ይላል እንጂ ልቤ እዚያች ወንበር ላይ ነበር። ድሮ ዋጋ የምትናገረው ባለቤቴ ነበረች፤ ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል ነበር የምትናገረው። የማንንም ጫማ አይታ አታውቅም።

3. ትእዛዝ አክባሪ ነኝና ሙሽሮቹ ወዳረፉበት ቤት ሄጄ ነበር። የሙሽራው እናት አልበሙን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ሙሽሪት እያስተረጎመች፣ «የታክሲው፣ የአበባው፣ የአዳራሹ ሰው ሁሉ እንግዳ ብሎ ጠራብን፤ አማች ያልከን አንተ ብቻ ነህ» አሉኝ። እርስዎ ቢሆኑ እዚያው ደረሰኝ ይቆርጡ ነበር። እኔ ግን ሻያቸውን ጠጥቼ ወጣሁ።

ተገቢው ዋጋ ስንት ነው ብለው አልጠየቁኝም፤ ልመልስልዎ። አምስት ሰዓት መቆም፣ ሁለት ቀን ኮምፒውተር ላይ መምረጥና ማረም፣ ሕትመት፣ ትራንስፖርት፣ የካሜራው እርጅና፣ ለእኔም የምታኖረኝ ትርፍ። እንግዳው ራቅ ያለ ቦታ ውሰደኝ ካለ የመንገዱ ይጨመራል፤ «ከመሄዴ በፊት በሦስት ቀን አድርስልኝ» ካለ የጥድፊያው ይጨመራል። ከሩቅ በመምጣቱ ግን የምጨምረው የለም፤ ያን መንገድ የመጣው እሱ እንጂ እኔ አይደለሁም። ይህንኑ ጽፌ በሬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ለመሰረዝ እንዳይደክሙም መታወቂያዬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። አዳራሽ ባልገባ በየግቢውና በየሳሎኑ አነሳለሁ፤ ፈጣሪ ደግሞ ደጅ ላይ ብርሃን አይነፍግም።

ሙያችንን ከእንግዳ፣ ከጎረቤትና ከኅሊና ለመጠበቅ ሌት ተቀን ለሚደክሙት ለእርስዎ ጎንበስ ብዬ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የቀድሞ አባልዎ፣
የመናፈሻው ጥግ ፎቶ አንሺ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ትናንት ባለቤትዎ መጥተው፣ ልጃችሁን ሊያገባ ከውጭ የሚመጣውን አማችዎን «እንዲያው በጎረቤት ዋጋ» እንዳነሳላቸው ጠይቀውኛል። በሬ ላይ ያለውን ዋጋ አንብበው ተስማምተዋል፤ ድግሱም በግቢዎ ስለሆነ መታወቂያ የሚጠይቀኝ ዘበኛ የለም። በመመሪያው መሠረት ቀሪውን ሁለት እጅ ግን ከአማችዎ ዘንድ ሄደው የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት።