አሮጊቷ ፒክአፕ እና የአሸዋው ተራራ

ወጣች! አሮጊቷ ፒክአፓችን የሻርቂያ በረሃን የአሸዋ ተራራ ወጣች! ዙዌይና ወዳጄ፣ ያቺ ሱር ከተማ የሰፈራችንን ዳገት እያለከለከች የምትወጣዋ መኪና! ካቃታት ለቁራሌ ሊሰጣት ባሌ ኻልፋን ለወንድሙ ለሁመይድ ምሎ ነበር። ወር ሙሉ ሞተሯን ሲፈታና ሲገጥም ከርሞ፣ አሸዋው ውስጥ እንዳትሰምጥ ጎማው ትንሽ ይተንፈስ ስለው «የታደሰች መኪና አትዋረድም!» አለኝ። ሁለቴ ሞከረ፤ ሁለቴም አሸዋው ዋጣትና ገፍተን አወጣናት። ሁመይድ «በቃ የዶሮ ቤት አድርጋት!» እያለ ይስቃል። ሊሰግዱ ሲሄዱ አራቱንም ጎማ በፀጉር ፒኔ አስተነፈስኩና ራሴ ነድቼ ጫፍ ደረስኩ። ኻልፋን ከታች «አንቺ ሴትዮ፣ ጎማው ተንፍሷል!» ብሎ ጮኸ። «ታዲያ በምን የወጣች መሰለህ?» አልኩት። የፖስት ካርዱ መጻፊያ ቦታ ሞላብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። ፍየል እናርዳለን፤ ማንም እንዳይቀር፣ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ!